ካቺሲ የተባለው ዲስክ

ይህን ታሪክ ከሰው የሰማሁት አይደለም። በገዛ ዓይኔ ያየሁት፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት ማንም አያምነኝም ብዬ ነው...

አይ። ይሄም ውሸት ነው። ዝም ያልኩት ስለማፍር ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ጥር 2011 ዓ.ም.። ቦታው አምቦ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ።

ጨለማ አልነበረም። ዝናብ አልነበረም። የሚገርመው፣ የዚያን ቀን መብራት እንኳ አልጠፋም ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ስሜ ማዕረግ ነው። የሽማግሌዎችንና የአሮጊቶችን ታሪክ በድምፅ ቀርጾ የሚያስቀምጥ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ኮምፒውተሮቹ በእኔ ኃላፊነት ሥር ናቸው። ገጠር ወጥታ የምትቀርጸው ደግሞ ለንሳ ነበረች። ባገኘችው መኪና ተጭና ትሄዳለች፣ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች።

እሷ ያመጣችውን እኔ ዲስክ ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ማሽን ውስጥ የተደረደሩ አራት ዲስኮች ነበሩን። ለእያንዳንዳቸው ድምፁ በመጣበት ከተማ ስም አውጥተንላቸዋል። ጉደር። እንጭኒ። አምቦ። ካቺሲ።

ማሽኑ ግን በቁጥርም ይጠራቸዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀድሞ የነቃውን ዲስክ አንድ ይለዋል፣ ቀጥሎ የነቃውን ሁለት። ጠዋት ሁለት የነበረው ከሰዓት ሦስት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ መብራት በቀን ስንቴ እንደሚሄድ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ለንሳ ሁልጊዜ ትለኝ ነበር፦

«ማዕሬ፣ በቁጥር አትጥራቸው። በስማቸው ጥራቸው። ውስጣቸው ሰው ነው ያለው።»

እኔ እስቅባታለሁ። ባለሙያው እኔ ነኛ።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት፣ በታኅሣሥ ወር በአንዱ ሐሙስ አምቦ የሚባለውን ዲስክ እንዳጸዳ ታዘዝኩ። ቅጂው ሌላ ቦታ ስላለ ችግር የለውም። ጠዋት አየሁት፣ ቁጥሩ ሁለት ነው። ከዚያ ምሳ ሄድኩ። ምሳ ላይ ሳለሁ መብራት ሄዶ መጣ።

ተመለስኩ። ስሙን አላየሁም። ችኮላ... ንቀት... የፈለጋችሁትን በሉት። «ሁለትን አጥፋ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ካቺሲ ሆኖ ነበር።

የአርባ አንድ ሰው ቃል። ሌላ ቅጂ የለውም።

ከአርባ አንዱ አንዷ አዴ አረጋሽ ነበሩ። ለንሳ እንደነገረችኝ፣ አዴ አረጋሽ መናገር ከመጀመራቸው በፊት መቅረጫውን እንደ ሕፃን ራስ በእጃቸው ዳብሰው መረቁት። ከዚያ «አደራ፣ ልጄ» አሏት። ከተቀረጹ ከወር በኋላ አረፉ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ። እኔ አደራውን በአንድ መስመር ትእዛዝ በላሁት።

ይሄ ስህተት ነው። ስህተት ማንም ይሠራል። የማፍርበት ግን ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምትኩ ቢሮ ገባሁ። «ለንሳ ዲስኩን ማሽኑን ሳታስፈቅድ ነቅላው ነው የተበላሸው» አልኩ። በጽሑፍም አቀረብኩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊጋ ጠፍቷል ብዬ ቁጥሩን ሁሉ ጠቅሼ።

ለንሳ የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። ቁልፏን ተቀበሏት። ጉዳዩ እስኪታይ እናቷ ቤት ጉደር ሄዳ እንድትጠብቅ ተነገራት።

ከመሄዷ በፊት ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። በሹክሹክታ ነበር ያወራችው።

«ማዕረግ... እኔ ነኝ የነቀልኩት?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ» አለች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አመነችኝ። ራሷን ተጠራጥራ እኔን አመነችኝ።

አቶ ምትኩ ደግሞ አዲስ ትእዛዝ ሰጡኝ። «ከእንግዲህ ማን እንደሚሰካ፣ ማን እንደሚነቅል ማወቅ አለብን። ተከታተል።»

ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ አንድ ትእዛዝ ጻፍኩባት። ሥራዋ ቀላል ነው። ዲስክ ሲመጣ ትጽፋለች። ሲሄድ ትጽፋለች። ስሙ ወይም ይዘቱ ሲለወጥ ትጽፋለች። ዲስክ ከመውጣቱ በፊትም ፈቃድ ይጠይቃል፣ እሱንም ትጽፋለች። ሳምንት ሙሉ ደህና ነበረች።

እና ያ ቅዳሜ መጣ።

ሥራ የገባሁት የአዴ አረጋሽ ባል፣ ኦቦ ዓብዲሳ፣ የሚስታቸውን ድምፅ ለመስማት ከካቺሲ ስለሚመጡ ነው። አቶ ምትኩ «አንተ አስረዳቸው፣ ጉዳዩን የምታውቀው አንተ ነህ» ብለውኛል። በግቢው ውስጥ ከእኔና ከዘበኛው ከኦቦ ጂራ በቀር ሰው የለም።

ስምንት ሰዓት ከሃያ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ።

ዲስክ መጣ። ስም፦ ካቺሲ።

ፈገግ አልኩ። የፕሮግራም ስህተት ነው አልኩ። ምክንያቱም ካቺሲ የሚባል ዲስክ የለም። ስሙን ከነይዘቱ አጥፍቼዋለሁ። ዲስኩን ራሱን ከማሽኑ አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ለማንኛውም ብዬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ።

ዲስኩ አለ። ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። ገመድ የለውም።

ነካሁት...

ሞቅ ያለ ነበር።

እጄን ሳብኩ። ዘወር ብዬ ስክሪኑን አየሁ።

ይዘት ተለወጠ። ካቺሲ፦ ሦስት ጊጋ።

ይዘት ተለወጠ። ካቺሲ፦ ሠላሳ ጊጋ።

ይዘት ተለወጠ። ካቺሲ፦ ሁለት መቶ ዘጠና።

ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል... ከዚያ ቆመ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ስልኬን አንስቼ ለንሳ ጋ ደወልኩ። ለምን ወደ እሷ እንደደወልኩ አላውቅም። ሌላ የምደውልለት ሰው አልነበረም።

«ለንሳ... ቢሮ መጥተሽ ነበር?»

«እኔ? በየት በኩል? ቁልፌን ወስዳችሁብኛል እኮ።»

«ምንም የነካሽው ነገር የለም?»

ድምጿ ዝቅ አለ።

«ማዕረግ፣ ደግሞ ምን አበላሸሁ?»

ስልኩን ዘጋሁት። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ጂራ እንግዳውን ይዘው መጥተው፣ አስገብተዋቸው ተመለሱ። ኦቦ ዓብዲሳ ረጅም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ ኦቦ ዓብዲሳ። ይቀመጡ።»

ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ተቀመጡ። ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ ናቸው። ውኃ ልስጥዎ ስላቸው አልፈለጉም።

«የመጣሁት ለብዙ ነገር አይደለም» አሉ። «ፊቷን አልረሳሁም። ድምጿ ግን እየጠፋኝ ነው። ጠዋት ስነሳ እፈልገዋለሁ... የለም። እናንተ ጋ አለ ሲሉኝ መጣሁ።»

«ኦቦ ዓብዲሳ... ዲስኩ ተበላሽቷል።»

ወዲያው አልገባቸውም። አስረዳኋቸው።

«ሁሉም ጠፋ?»

«ሁሉም።»

«ማን አጠፋው?»

አፌን ስከፍት ስክሪኑ ላይ መስመር ወጣ። ካቺሲ ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቃል።

ሽማግሌው ድንገት ቀና አሉ።

«አቤት» አሉ።

ለእኔ አልነበረም። እኔ አልጠራኋቸውም።

ፊታቸውን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞሩ። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ።

እኔ ምንም አልሰማም። የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ድምፅ ማጉያውን አየሁት፣ ገመዱ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል።

«ኦቦ ዓብዲሳ?»

እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

«የሙገርን ወንዝ የተሻገርንበትን ቀን እያወራች ነው» አሉ በሹክሹክታ። «በሬው እንቢ ያለን ቀን... ትስቅብኛለች። እኔ ነኝ የወደቅኩት ትላለች። እሷ ናት እኮ የወደቀችው።»

ዕንባቸው ይወርዳል፣ ይስቃሉ። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ፀሐይዋ ከወለሉ ወደ ግድግዳው ወጥታ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያ መስመር እንዳለ ነው። ፈቃድ ይጠይቃል። አልመለስኩለትም። ልመልስለትም አልደፈርኩም።

በመጨረሻ ኦቦ ዓብዲሳ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆይ... ትጠይቅሃለች።»

«ማንን?»

«አንተን ነዋ። ቃሌን ማን አጠፋው ትላለች።»

ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ።

«መልስላት፣ ልጄ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ዝም አይባልም።»

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። አውቃለሁ። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። «እኔ» ነው የሚባለው፣ አንዲት ቃል። አፌ ውስጥ ነበረች። ሰኞ የለንሳ ጉዳይ ሊታይ ነው፣ ይቺ ቃል ብትወጣ ለንሳ ነፃ ትወጣለች፣ ኦቦ ዓብዲሳም ምናልባት... ማን ያውቃል።

ግን የአቶ ምትኩ ፊት ታየኝ። ባለሙያው ማዕረግ ቁጥር አሳስቶ አርባ አንድ ሰው አጠፋ ሲባል ታየኝ።

«ለንሳ ናት» አልኩ።

ስክሪኑ ወዲያው ጻፈ።

ዲስክ ሄደ። ስም፦ ካቺሲ።

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። ጆሯቸውን ወዲህ አሉ፣ ወዲያ አሉ። ተነስተው ቁም ሳጥኑ አጠገብ ቆሙ።

«ሄደች» አሉ። «አልጨረሰችም እኮ... መሐል ላይ ነበረች።»

ተመለከቱኝ። ቁጣ የለበትም። የታመመ ልጅ እንደሚታይ ነው ያዩኝ። ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ በትራቸውን ያዙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ልጄ... ሁለተኛ ቀበርኳት» አሉ።

ወጡ።

ዲስኩን ነካሁት። በረዶ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ካቺሲ የሚል መስመር ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ተለወጥክ ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ሰኞ ጠዋት ሮጦ እውነቱን ይናገራል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እሑድን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ዋልኩ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባው ተጠራ፣ ወረቀቱ ፊቴ ቀረበ፣ ፈረምኩበት። የሌባ ዓይነ ደረቅ የሚባለው እኔ ነኝ።

የለንሳ ኮንትራት ተቋረጠ።

ከስብሰባው በኋላ ማሽኑ ክፍል መጣች። የቀረጸቻቸውን ሰዎች ስም የጻፈችበትን ደብተር ልታስረክበኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀና ስትል ስክሪኑን አየች። እኔም አየሁ።

ጉደር ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቃል።

እንጭኒ ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቃል።

አምቦ ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቃል።

«ምንድን ነው?» አለች በቀስታ።

«አላውቅም።»

ከእኔ አፍ ለእሷ የወጣች እውነት ይቺ ብቻ ናት።

ትንሽ ቆማ አነበበችው። ፊቷ ላይ ድካም ነበር።

«ፍቀድላቸዋ» አለች። ከዚያ ወጣች።

ኪቦርዱን አልነካሁም። እምላለሁ፣ እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር። ስክሪኑ ግን ተፈቀደ አለ። ተፈቀደ። ተፈቀደ። የማሽኑ ፊት ላይ ያሉት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ።

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው አልነበረም። ቀርፋፋ ነው፣ ብዙ ነው... የበትር ድምፅ አለበት።

በሩን ለመክፈት አልደፈርኩም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ለንሳ ግቢውን እያቋረጠች ነው። ብቻዋን። እጇ ላይ አንዲት ቦርሳ። ዞራ አላየችም።

ኦቦ ጂራ ሁልጊዜ ለሰው ትንሿን በር ነው የሚከፍቱት። ትልቁ በር ለጭነት መኪና ብቻ ነው። የዚያን ቀን ግን ሁለቱንም የትልቁን በር መዝጊያዎች ወለል አድርገው ከፈቱ።

ለንሳ ወጣች።

ኦቦ ጂራ በሩን አልዘጉም። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ጎንበስ አሉ። ቀና ብለው እንደገና ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። «አካም ጅርቱ... አካም ጅርቱ...» እንደምን አላችሁ ማለታቸው ነው፣ ለብዙ ሰው።

ለንሳ አስፋልቱን ይዛ ከዓይኔ ከተሰወረች ቆይቷል።

እሳቸው ግን እዚያው ናቸው። አንዴ ኮፍያቸውን ብብታቸው ሥር ወሸቅ አደረጉና እጃቸውን ዘረጉ። የአንድ አቅመ ደካማ ሰው ክንድ እንደያዙ ሆነው፣ ቀስ ብለው የበሩን ደፍ አሻገሩ።

እጃቸው ውስጥ ማንም አልነበረም።