ከታች የሚመልሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ሰው ነግሮኝ አይደለም... በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የጠረጴዛውን አቧራ ሳይቀር ታሳያለች።

የተቀመጥኩት በታናሽ ወንድሜ ክፍል፣ በእሱ ወንበር፣ በእሱ ላፕቶፕ ፊት ነው።

እሱ ከሞተ ሦስት ወሩ...

መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። አለቃችን «ፓይተን ያልቻለ ሌላ ሥራ ይፈልግ» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ሃያ ዓመት ፋይል ስደረድር ኖሬ፣ አሁን የኮምፒውተር ኮድ ልማር!

ወንድሜ ሊያስተምረኝ ስንቴ ለምኖኛል መሰላችሁ። ለጀማሪ የሚሆን የኮድ መጻፊያ ጭኖልኝ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ለልጅም አይከብድ። ከላይ ትጽፊያለሽ፣ አረንጓዴውን ትጫኛለሽ፣ ከታች ይመልስልሻል። ቀይ ጽሑፍ ካየሽ አትደንግጪ፣ የተሳሳትሽበትን እያሳየሽ ነው።»

«ነገ» እለዋለሁ።

የሞተ ቀንም ከክፍሉ ጠርቶኝ ነበር። «እትዬ... ነይማ...»

ልብስ እየተኮስኩ ነበር። ያው የፈረደበት ትምህርቱ ነው ብዬ «መጣሁ!» አልኩና ሦስት ሸሚዝ ጨመርኩ።

ስገባ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ግንባሩን የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ደፍቶ ቀርቷል።

ሐኪሙ «ልቡ ነው» አለ። «ቶሎ ቢደረስለት ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

መጥራቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም።

እና ያን ማክሰኞ መጻፊያውን ከፈትኩት። ከላይ ባዶ፣ ከታች ባዶ። «ሰላም» የሚል ቃል እንዲያወጣ አንድ መስመር ጻፍኩ። አረንጓዴውን ተጫንኩ።

ከታች «ሰላም» አለ።

ይሄ ነው እንዴ ስሸሸው የኖርኩት? ሳቄ መጣ... ወዲያው ግን መረረኝ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም እኮ።

ደግሜ ተጫንኩ።

ቀይ ጽሑፍ መጣ። ስህተቱ መስመር ሁለት ላይ ነው ይላል።

መስመር ሁለት የለም። የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው።

ቢጨንቀኝ ዘጋሁትና አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ከወንድሜ ደብተር ሁለተኛውን መልመጃ ገለበጥኩ። ፕሮግራሙ «ማን ልበል?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን እስክትጽፉለት ይጠብቃል።

«ማን ልበል?» አለ።

እጄ ጭኔ ላይ ነው። ምንም አልነካሁም። ከታች ግን ፊደል በፊደል ይጻፍ ጀመር።

ነ...

ይ...

ማ...

«ልጄ...»

እናቴ ናት። ከስሷ ግድግዳ ወዲያ፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና።

«አቤት እማዬ።»

«ሂጂለት እንጂ። እየጠራሽ እኮ ነው።»

«ማን?»

አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ተሰማኝ።

«እማዬ... ማንም አልጠራኝም።»

«ያን ቀንም እንዲሁ ጠርቶሽ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ድምፁ ደክሞ... አንቺ ትሄጃለሽ ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።»



ለካ ሰምታ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ገበታ ስንቀርብ እኔም የሰማሁትን ዋጥኩ፣ እሷም የሰማችውን ዋጠች።

ማቆሚያውን ተጫንኩ። አይቆምም። «ነይማ» ከታች መስመር በመስመር እየተደረደረ ይወርዳል...

ሶኬቱን ነቀልኩት። ባትሪው ከሞተ ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ስለሆነ ወዲያው ድርግም አለ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴን ፊት አየሁ።

ከኋላዬ በሩ ሲጢጥ አለ።

እናቴ ቆማለች። ያለ ከዘራ። ያለ ከዘራ ከአልጋ ወርዳ አታውቅም።

«ቀስ በይ...» አለች በሹክሹክታ። «አትቀስቅሺው።»

የምታየው እኔን አልነበረም። ጠረጴዛውን ነው።

ዞርኩ።

የጠፋው ላፕቶፕ መሀል ላይ ያሉት ቁልፎች፣ ሁሉም አንድ ላይ... ቀስ ብለው ወደ ታች ሰመጡ።

ተመልሰው አልተነሱም።