የማይፈላው ናሙና

ፕሮፌሰሩ በማለዳ የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ክፍል ወለል ላይ ተኮራምተው ተገኙ። ከአጠገባቸው ደረቅ በረዶ የሞላ ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ ይተናል፤ ከበረዶው የወጣው ጋዝ አፍኖ ገድሏቸዋል። ውጭ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የናሙና ብልቃጦች በፈላ ውኃ ውስጥ ይንተከተካሉ።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ዓይኗን ከብልቃጦቹ አልነቀለችም።

«ሥራ ላይ እያሉ የደረሰ አደጋ ነው» አለ የፕሮፌሰሩን አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞክረው ሐኪም። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «እባክሽ ቶሎ ጨርሺልን። መድኃኒቱ ነገ ይጀመራል፤ የመጀመሪያዋ ታካሚ ልጄ ናት። ካንሰሩ ጊዜ አይሰጣትም።»

«አደጋ ቢሆን በሩ ከውጭ ባልተቀረቀረ።»

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያላቸው ሐኪሙ፣ ተመራማሪዋና የሟች ታናሽ ወንድም ብቻ ናቸው።

ተመራማሪዋ እያለቀሰች አስረዳቻት። «መድኃኒቱን ወደ ካንሰሩ የሚያደርሰው ፀረ እንግዳ አካል ነው። በካንሰር ሴሎች ሽፋን ላይ የተተከለ ኤንዛይም አለ፤ እሱን ብቻ ለይቶ ይይዛል ብለን ነበር፤ የያዘው ሴል እንዲታየን የሚያበራ ቀለም አያይዘንበታል። ኤንዛይሙ ጨርሶ በሌላቸው ሴሎች ላይ ስንሞክረው ግን እነሱም ላይ አበራ፤ መድኃኒቱ ጤነኛ ሴሎችንም ይገድላል ማለት ነው።»

«እና?»

«ትናንት ፕሮፌሰሩ ሦስታችንንም ሰብስበው ‹አይጀመርም› አሉን። ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁበት ገደል ገባ።»

ፀረ እንግዳ አካሉን ያመረተው ወንድምየው ነው። «አልዋሽሽም፣ ጋሼ ስላዋረደኝ ተናድጄ ነበር። ግን ወንድሜን?» ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ሦስቱም ምክንያት አላቸው። መርፌ ለየብቻ እየጠራች ብልቃጥ ሰጠቻቸው፤ «ይህን ኤንዛይም ለምርመራ አዘጋጁልኝ።»

ከዚያ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ፣ ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ሲሠሩ የሞቱ ለማስመሰል ብልቃጦቹን ጥዶ ሄደ። ተመራማሪዋ ግን ብልቃጧን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። ወንድምየውም እንዲሁ። ለምን?»

«ሲፈላ ይጓጉላላ!» አለ ወንድምየው። «የሽፋን ፕሮቲን ነው፤ ከጓጎለ ምርመራው አያገኘውም። ጋሼ ይህን የሚያፈላ ሰው ሲያይ ‹ሻይ ቤት መሰለህ እንዴ?› ይል ነበር።»

«ሌላው ፕሮቲን ለምርመራ ሲዘጋጅ በአብዛኛው ይፈላል» አለች መርፌ። «ይሄኛው እንደማይፈላ የሚያውቀው በእጁ የሠራበት ነው። ያፈሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ትሞትብኛለች ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አልሰሙኝም! ምርመራው ተሳስቶ ነው... እኔን እሰሩኝ፤ መድኃኒቱን ግን ለልጄ ስጧት!»

 የመለሰችለት ተመራማሪዋ ናት።

«እኛም የተሳሳትን መስሎን ደገምነው፣ ዶክተር። ፕሮፌሰሩ ከልጅዎ የተወሰዱ ጤነኛ ሴሎች ላይ እንድሞክረው አዘዙኝ። ውጤቱን ዛሬ ጠዋት ሊነግሩዎት ነበር።»

«እና?» አለ ሐኪሙ።

«አበራ።»