የኢያቄም ፊደል

ልደት በሰው ላይ ክፉ አስባ አታውቅም። የኢያቄምን እንጀራ የዘጋችበትም ከፍቅሯ ብዛት ነው።

ካዛንቺስ በሚገኝ ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ነበረች። አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ የጎረቤታቸው ጁስ ቤት ግድግዳ ላይ በስፕሬይ ቀለም የሚጽፍ ወጣት አየችና ቆማ ቀረች። ፊደሎቹ ወፍራም፣ ጎበጥ ያሉ፣ እርስ በርስ የተቃቀፉ ነበሩ።

«ጥላሽ ጽሑፌ ላይ አርፏል» አላት ሳይዞር።

«ልሂድልህ?»

«አይ፣ ማለቴ... በቃ ወደዚህ ጠጋ በይ።»

ጠጋ አለች። እንደተጠጋችም ቀረች።

ኢያቄም የሚኖረው በእጁ ሥራ ነበር። ከስታዲየም እስከ ወሎ ሰፈር ያሉ ፀጉር ቤቶችና ካፌዎች ስማቸውን በግራፊቲ የሚያስጽፉት እሱን ነበር። ልደት ፊደል ገበታውን በሙሉ ወረቀት ላይ አስጻፈችውና ማንም በኮምፒውተር ሊጽፍበት የሚችል ፎንት አደረገችው። ከዚያ ሳትነግረው ኢንተርኔት ላይ በስሙ፣ በነጻ ለቀቀችው። አገር እንዲያውቅለት ፈልጋ ነው።

አገርም አወቀ። ባለሱቁ ሁሉ ፎንቱን እያወረደ ባነር ያሳትም ጀመር፤ ኢያቄምን የሚጠራው ጠፋ። ቀጠሮ የሰጠው የመጨረሻው ባለካፌ እንኳ «በነጻ እያለ ለምን እከፍልሃለሁ?» አለው።

ከዚያው ወደ ልደት መጣ።

«አንቺ ነሽ?»

«ሰው ሁሉ እንዲያይልህ ብዬ ነው፣ ኢያ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ቀለም የነካቸውን ጣቶቹን ሲያይ ቆየና ሄደ። ከዚያ በኋላ ስልኳን አላነሳም። ቤተሰቡ ለልማት ከሰፈሩ ሲነሳም የት እንደገባ የሚነግራት ሰው አጣች።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማተሚያ ቤቱ ወደ መስቀል አደባባይ ተዛውሮ ሳለ፣ ኢያቄም የእሷ መሥሪያ ቤት መሆኑን ሳያውቅ ታፔላ ሊያሠራ ገባ። ሞባይል መጠገኛ ከፍቷል። ሲያያት በሩ ላይ ቆም አለ፤ ግን አልተመለሰም።

ልደት የሱቁን ስም በራሱ በኢያቄም ፊደል ጽፋ ስክሪኑን አዞረችለት። ይቅርታ የምትለምንበት ሌላ ቃል አላገኘችም። አሁንም ትወደዋለች፤ ይህንንም እንዲያነብላት ፈልጋ ነበር።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«ቆንጆ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን በተለመደው ፊደል አድርጊልኝ።»

«መጻፍ ተውክ?»

«ሌላ ሥራ ያዝኩ።»

ለወጠችው። ታፔላው እስኪታተም ሁለቱም መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ድሮ «የኔ ዓለም» ይላት የነበረው ሰው ታፔላውን በብብቱ ይዞ፣ መንገድ ላይ ለማያውቃት ሴት እንደሚለው፣

«አመሰግናለሁ፣ እህቴ» ብሏት ወጣ።