በጅንካ ሜዳ ዳር የተጻፈ ጥያቄ

ጅንካን መሀል ለመሀል የሚያቋርጠውን የአውሮፕላን ሜዳ ያለምወርቅ የልጇን እጅ ሳትይዝ ተሻግራ አታውቅም። ጥሩብርሃን አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ በሰባት ዓመቷ ማጅራት ገትር ከያዛት ወዲህ ግን ጆሮዋ አይሰማም። አውሮፕላን ሲመጣ ሰውና ከብት ከሣሩ ላይ እንዲወጣ የሚነፋውን ጡሩምባ አትሰማውም። ያለምወርቅ ደግሞ ባሏ ከሞተ በኋላ ያለቻት እሷ ብቻ ናት።

በ1978 ክረምት፣ መስማት ለተሳናቸው ዘጠኝ ወጣቶች በቀበሌው አዳራሽ የመሪነት ሥልጠና ተከፈተ፤ ጥሩብርሃንም አንዷ ናት። አሠልጣኙ ኤርሳዶ ከአርባ ምንጭ የመጣ አናጢ ነው፤ እሱም አይሰማም፣ በአፉም አይናገርም። በየቀኑ ከልጆቹ አንዱ በተራው ይመራል፤ ስብሰባ ይከፍታል፣ ጓደኞቹን ገበያ ወስዶ ይመልሳል። ሌላ ሰው በእሱ ፈንታ አይመልስም።

ያለምወርቅ ግን ከኋላ ተቀምጣ፣ ልጇ ስትጠየቅ ቀድማ እጇን እያወዛወዘች ትመልስላታለች። በሁለተኛው ቀን ኤርሳዶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦

«እመቤቴ፣ ዛሬ ሰብሳቢዋ ልጅዎ ናት።»

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደል በፊደል አነበበችና አፈረች። ቀና ስትል ከንፈሯን ሲያይ አገኘችው፤ እሱም አፈረ።

ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት በአንድ ደብተር ይጻጻፉ ጀመር።

«ማንበብ ማን አስተማረዎት?»

«መሠረተ ትምህርት። ከተማርኩ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ፊደልዎ ትልልቅ ነው።»

«ዓይንዎ እንዳይደክም ብዬ።»

ጎረቤቷ አበዛሽ ደብተሩን አይታ ሳቀች። «ወሬኛ ባል አልፈልግም ስትይ ነበር፤ ይኸው እግዜር ሰማሽ!»

«አንቺ ደግሞ! ስለ ልጄ ነው የምንጻጻፈው።»

«ደብተር ሙሉ?»

ጥሩብርሃን ጓደኞቿን ሜዳውን የምታሻግርበት ቀን ደረሰ። ያለምወርቅ ከዳር ላትነቃነቅ ለኤርሳዶ ቃል ሰጠች። ልጆቹ መሀል ሲደርሱ ጡሩምባው ተነፋ። ቃሏን ረስታ እየጮኸች ሮጠች፤ ልጇ ጩኸቷን እንደማትሰማም ረስታዋለች።

ጥሩብርሃን ግን እረኞች ከብቱን ሲያጣድፉ አስቀድማ አይታ ነበር። ክንዷን አንሥታ ስምንቱን አስከትላ ማዶ ወጣች። ዞር ስትል እናቷ ሜዳው መሀል ብቻዋን ቆማለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቷታል። ልጅቷ ሁለት እጇን ዘርግታ «ወደ እኔ! ወደ እኔ!» ብላ ጠራቻት። ያለምወርቅ ልጇን ታዘዘች። አውሮፕላኑ ከኋላዋ ሣሩን እየገረፈ አለፈ።

ኤርሳዶ ሮጦ ደረሰ። ደብተሩን ከፍቶ ጻፈ፦

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር።»

አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነው። ከሥሩ ጨመረበት፦

«ብትሞቺ እኔ ምን እሆናለሁ?»

አነበበች። ደግማ አነበበች። እርሳሱን ልትወስድ ስትል፣ እሱ ገና አልጨረሰም።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ። አርባ ምንጭ አብረሽኝ ትኖሪያለሽ?»

በማግሥቱ ልጆቹ ጥሩብርሃንን የቡድናቸው መሪ አድርገው መረጧት። ያለምወርቅ ሁለቱንም መንገድ መዘነች። ልጇን ይዛት ብትሄድ ገና የተሰጣትን መሪነት ልትነጥቃት ነው፤ ትታት ለመሄድ ደግሞ አንጀቷ አይችልም። ቅዳሜ ሜዳው ዳር ደብተሩን ሰጠችው።

«አልሄድም። ልጄ የምትመራቸው ጓደኞቿ እዚህ ናቸው። አንተ ግን ና። ስጠይቅህ እፈራለሁ፤ ቢሆንም ጠየቅሁህ።»

ኤርሳዶ አነበበ። ደብተሩን ኮቱ ውስጥ ከትቶ፣ መልስ ሳይጽፍ አውሮፕላኑ ላይ ተሳፈረ።

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም። አበዛሽ መቀለዷን ተወች። ጥሩብርሃን ግን እናቷን እፊቷ እያስቀመጠች የምልክት ቋንቋ ታስተምራት ጀመር፤ ስትሳሳት «እንደገና!» እያለች እጇን መታ ታደርጋታለች።

በኅዳር ከአርባ ምንጭ የመጣ የጭነት መኪና ገበያው ዳር ቆመ። መጀመሪያ መጋዝና መላጊያ የያዘ ሣጥን ወረደ፤ ቀጥሎ ኤርሳዶ። ያለምወርቅ ሮጣ ሄዳ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። በእጆቿ «እንኳን መጣህ» አለችው።

አንዱን ምልክት አሳስታዋለች። ኤርሳዶ ሣጥኑን ትቶ ቀረበና ጣቶቿን አንድ በአንድ አስተካከለላት። ከዚያም አልለቀቃቸውም።