ሁለት ጣት ወደ ውጭ የወጣው ጎማ

ኦሬል እባላለሁ። ሻርልቧ በሚባለው በረዷማ አገር ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ ስፈታና ሳስር ኖሬአለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ በገዛ እጄ ስላሰርኩትና እስካሁን ከእንቅልፌ ስለሚያባንነኝ ጎማ ነው።

ሚያዝያ ሲገባ አገሩ ሁሉ የበረዶ ጎማውን ሊያስቀይር ወደ ጋራዤ ይጎርፋል። በዚያ ግርግር መሐል ጓደኛዬ ሬዣን አራት ወፋፍራም የብረት ቀለበቶች ታቅፎ መጣ።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«ስፔሰር ነዋ! በቸርኬውና በመኪናው መሐል ይገባል። ጎማዬ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። መኪናው ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ ኩርባ ላይም ንቅንቅ አይልም።»

«ባንተ ቤት! ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። መሪው ይከብዳል፤ ጉድጓድ በነካህ ቁጥር ከእጅህ ሊወጣ ይታገልሃል። ደግሞ እነዚህ በመኪናህ ልክ የተሠሩ አይደሉም፤ መሐላቸው ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው። ጭነቱን ሁሉ ቡሎኖቹ ብቻቸውን ሊሸከሙት ነው።»

«አረጀህ እኮ አንተ ሰው! የሚቀጥለው ዓመት በፈረስ ጋሪ ና ልትለኝ ነው።»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጥፋቴም ከዚያ ይጀምራል። አሰርኩለት። «መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ተመለስ፤ እንደገና ላጥብቃቸው» አልኩት። «እሺ፣ እሺ» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። እኔም አልደወልኩለትም።

በሦስተኛው ሳምንት የሬዣን ሚስት የጊስሌን አባት፣ አዛውንቱ ኦኔዚም፣ አረጋውያን መኖሪያ የሚገቡበት ቀን ደረሰ። ጊስሌን አባቷን በሬዣን መኪና ይዛ ቀደመች። እኔና ሬዣን የሽማግሌውን አልጋና ወንበር በጋራዤ መኪና ጭነን ተከተልናት።

«ጊስሌን መኪናው ከኋላ ይንቀጠቀጣል እያለች ትነዘንዘኛለች» አለኝ ሬዣን እየሳቀ። «አነዳድሽ ነው አልኳት።»

«መቼ ጀመረው?»

«አንድ ሳምንት ይሆነዋል።»

 ፍጥነት ጨምሬ ተጠጋኋትና የግራውን የኋላ ጎማ አየሁት። ወዲህ ወዲያ እየተወላገደ ነበር።

«ሬዣን፣ ጎማው ሊወልቅ ነው! ደውልላት!»

ደወለ። ደጋግሞ ደወለ። ጊስሌን እየነዳች ስልክ አታነሳም። መብራት አበራሁ፣ ጥሩምባ ነፋሁ። እጇን በመስኮት አውጥታ «እሺ» የምትል ይመስል አወዛወዘችና ፍጥነት ጨመረች። ለካ የምናስቸኩላት መስሏት ኖሯል። ከፊታችን ደግሞ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት አለ።

«ኦሬል፣ በናትህ አንድ ነገር አድርግ! በናትህ!» ሬዣን ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል።

ከፊት የሚመጣ መኪና መኖር አለመኖሩን በቅጡ ሳላረጋግጥ በግራ ወጣሁ። ጎን ለጎን ሆንን። ሬዣን በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ ጮኸ፦ «አቁሚ! ጊስሌን፣ ጎማው! ቀስ ብለሽ አቁሚ!»

ዞር ብላ ፊቱን አየች። ፍሬን ገና ነካ ከማድረጓ ጎማው ከነቀለበቱ ተገንጥሎ ወጣ። በእኔ መኪና አፍንጫ ሥር ነጥሮ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ቁልቁል ከመንገዱ በታች ወዳሉት ቤቶች ጋለበ። መኪናው በኋላው ተቀምጦ አስፋልቱን እየፋቀ፣ የእሳት ፍንጣሪ እየረጨ ዞረና ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር ጋር ተላተመ። ከአጥሩ ወዲያ ገደል ነው።

ስንደርስ ጊስሌን «አባዬ! አባዬ!» እያለች ትጮኻለች። የሽማግሌው ደረትና ጉልበት በጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ተነክሯል። ሬዣን «ደም ነው!» እያለ በሩን ለመክፈት ታገለ። ጠጋ ስል ጣፋጭ ሽታ ሸተተኝ፤ ለአረጋውያን መኖሪያው አስታማሚዎች በስጦታ የያዙት፣ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳው ሽሮፕ ጠርሙስ ነበር የተሰበረው። የሽማግሌው የትከሻ አጥንት ግን እውነትም ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጃቸው ማንኪያ አያነሳም።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጊስሌን ባሏን ቀና ብላ አየችው። «ነግሬህ ነበር» አለችው፣ ቀስ ብላ። «‹አነዳድሽ ነው› አልከኝ።» 

ጎማው ያረፈው ወይዘሮ ጊሞን የሚባሉ ባልቴት ቤት በረንዳ ላይ ነበር። በነጋታው እኔና ሬዣን እንጨትና መዶሻ ይዘን ልንጠግን ሄድን። ባልቴቲቱ የተሰባበረ ወንበር አሳዩን።

«እዚህ ተቀምጬ ነበር» አሉ። «ስልክ ጮኸና ገባሁ። የተሳሳተ ቁጥር ነበር።»

ሬዣን መዶሻውን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።  «እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ። ጎማው የእኔ ነው» አለ።  የዚያኑ ቀን ማታ የቀሩትን ሦስት ቀለበቶች በራሱ እጅ ፈታ። ወይዘሮ ጊሞን ይቅር ቢሉትም፣ ጊስሌን ግን እስከ ዛሬ እሱ በሚነዳው መኪና ውስጥ በሩን ጨብጣ ነው የምትቀመጠው።

ወገኖቼ፣ መኪናችሁን ማሳመር ከፈለጋችሁ እጠቡት። ጎማው የት መቆም እንዳለበት የወሰኑት ሰዎች አስበውበት ነው። አብሯችሁ የሚሳፈር ሰው «ይንቀጠቀጣል» ሲላችሁ፣ አቁማችሁ እዩ። የሙያ ጓደኞቼ፣ ለእናንተም አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ትክክል እንዳልሆነ እያወቃችሁ፣ ወዳጅ ስለሳቀባችሁ ብቻ አትሰሩ። ይሳቅባችሁ። እምቢ በሉ።