አራተኛው መብራት

ባታምኑኝ አልቀየምም... ግን ይህ በገዛ ታላቅ እህቴ ላይ የደረሰ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ በአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ ሰፊ በር ገብታ ወለሉን ሞልታዋለች።

እህቴ የአውሮፕላን ኮምፒውተር ትጠግናለች። ባሏም እዚያው መካኒክ ነው። "ቤትም ታዢኛለሽ፣ ሥራም ታዢኛለሽ፣ የት ልግባልሽ?" እያለ ያስቃታል።

የዚያን ቀን ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

የሚጠግኑትን አውሮፕላን ክንፍ የሚያዙት ሦስት ኮምፒውተሮች ናቸው። አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይተኩታል። ሁለቱ ቢበላሹ አንዱ ይበቃል። ሦስቱም ከጠፉ ግን፣ በክንፉ ጀርባ ላይ የሚነሣው የብረት ክዳን ባለበት ደርቆ መቅረት አለበት። የሚፈትሹት ይህንኑ ነበር።

እሷ የአብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እሱ ክንፉ ላይ ወጥቶ፣ የተነሣውን ክዳን በወፍራም ብረት ደግፎ ተንበርክኳል። የሚነጋገሩት በጆሮ ማዳመጫ ነው።

"አንደኛውን አጠፋሁ።"

"እሺ።"

"ሁለተኛውን... ሦስተኛውንም።"

"ጎሽ የኔ ጎበዝ። ከክዳኑ ሥር እጄን አስገብቼ ክፍተቱን ልለካ።"

ስክሪኑን አየች።

የሦስቱም ኮምፒውተሮች መብራቶች ጠፍተዋል። ከሥራቸው ግን አንድ ሌላ መብራት በርቷል...

እዚያ ስክሪን ላይ አራተኛ መብራት ኖሮ አያውቅም።

"ስማኝ..." አለች በሹክሹክታ። "እጅህን አውጣ።"

"ምን?"

"አውጣ!"

የደገፈው ብረት እንደ እርሳስ ቀጭ አለ። ክዳኑ ክንዱ ላይ ወረደ።

ጩኸቱ ጆሮዋን በጠሳት። ዋናውን ኤሌክትሪክ አጠፋች። ክዳኑ ተነሣና እንደገና ወረደ። አጥንት ሲደቅ ሰማች። በሩጫ ወርዳ ክዳኑን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ነቀለችው።

ክዳኑ ተነሣ... ወረደ።

ቀስ ብሎ። እንደሚያኝክ ሰው።

"ቁረጪው!" አለ ባሏ። ፊቱ በደም ታጥቧል። "እጄን ቁረጪው!"

ከእሳት አደጋው ሳጥን መጥረቢያ መንጭቃ ክንፉ ላይ ወጣች። እጁን አልቆረጠችም። ከክዳኑ ሥር ያለውን የዘይት ቧንቧ መታችው። ደገመችው። ሠለሰችው። ቧንቧው ፈነዳ። ትኩስ ዘይት የአንገቷን ቆዳ ገሸለጠው። ክዳኑ ላላ።

ከክርኑ በታች ያለው እጁ የተንጠለጠለው በቆዳ ብቻ ነበር።

በቀበቶዋ ጠፍራ አሠረችው። ከክንፉ እንዴት እንዳወረደችው ዛሬም አታውቅም። ዕቃ መጫኛ ጋሪ ላይ አጋድማ ወደ በሩ ትገፋው ጀመር።

ሲያቃስት የነበረው ባሏ በድንገት ቀና አለ። ዓይኑ ከትከሻዋ ኋላ ተተክሏል።

"አትዙሪ።"

"ምን አየህ?"

"ዝም ብለሽ ግፊ... አትዙሪ።"

ዞረች።

አዳራሹ ጥግ ለዓመታት የቆሙ አሮጌ አውሮፕላኖች አሉ። ሞተራቸው የወጣ፣ ኮምፒውተራቸው የተነቀለ፣ ሽቦ እንኳ ያልቀራቸው።

የክንፎቻቸውን ክዳን እያነሡ ነበር...

ቀስ ብለው። ሁሉም አንድ ላይ።