የድመቷ ጭረት

የሟቹን የኡክሊድን እግር እስከ አጥንቱ ያቆሰለው የማን እጅ ነው? የድንገተኛ ሞት መርማሪዋ ጀርሜን አልጋው አጠገብ ቆማ መልሱን አላወቀችም። ሩቅ አገር ተምራ ወደዚህ የካናዳ ኖቫ ስኮሺያ የባሕር ሎብስተር አጥማጆች መንደር ከተመለሰች ወዲህ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ደክሟታል። እንዲህ ያለ ግን አላየችም።

«አሲድ ነው» አለ የሟቹ ልጅ ሬሚ፣ ከኩሽና ያገኘውን የተዘጋ ቧንቧ መክፈቻ አሲድ ጠርሙስ ይዞ። «ያስታመመችው እህቴ ብቻ ናት። ፖሊሶች ይውሰዷትና ልረፍ።»

እህቱ ኦዲል ቀና አላለችም። «እኔ ቁስሉን ያጠብኩት አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ ነው።»

«የሞተውን ሥጋስ ምን አደረግሽው?» አለች ጀርሜን።

«በዓሣ ቢላዬ ቆረጥኩት፣ ደሙ እስኪመጣ። እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አባባ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ግን በቆረጥኩት ቁጥር ይሰፋል።»

የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ፊንች በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔም የአሲድ ቃጠሎ ነው ብዬ ጽፌአለሁ።»

ጀርሜን ብርድ ልብሱን ገለጠች። የቁስሉ ጠርዝ ሐምራዊ ነው። በግራ እጁ ጀርባና በቀኝ ክንዱ መታጠፊያም ሁለት ትንንሽ ቁስሎች አሉ።

«እጁን ምን ነካው?»

«ድመቷ ቧጭራው ነው» አለች ኦዲል።

የአስከሬኑ ምርመራ ውጤት እንደመጣ ጀርሜን ሦስቱንም ኩሽና ሰበሰበቻቸው።

«አሲድ ቢሆን ወደ ታች ይፈስ ነበር፤ አንሶላውንም ይበላው ነበር። አልበላውም። ድመቷ በቧጨረችበትም ያው ቁስል ወጣ። ድመቷም አሲድ ነበራት እንዴ ሬሚ?»

ሬሚ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ክንዱንስ ማን ወጋው?» አለች ጀርሜን።

«ደም የቀዳሁት እኔ ነኝ» አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው።

«እዚያም ቆሰለ። ቆዳው ትንሽ በተነካ ቁጥር የሚቆስልበት ብርቅ በሽታ ነው፤ ሲቆርጡት ይብሳል። አንዳንዴ ውስጥ የተደበቀ ካንሰር ምልክት ነው። ኡክሊድን የገደለው የደም ካንሰር ነው። የቀዱት ደም ውጤት ምን ይል ነበር ዶክተር?»

«ነጭ የደም ሴሎቹ በዝተው ነበር። ቁስሉ ያመረቀዘ መስሎኝ…»

ኦዲል እጆቿን አየች። «ቁስሉን ያሰፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለች ጀርሜን፤ መዋሸት አልሆነላትም። «የገደልሽው ግን አንቺ አይደለሽም። የሚያስርሽ የለም።»

«ቢላዋው የእሷ ነው» አለ ሬሚ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ፤ የመኪናው ድምፅ ወደቡ ጋ እስኪደርስ ተሰማ።

ኦዲል ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ መልእክት ጻፈች። ጀርሜን ሳትፈልግ አነበበችው፦ «ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ሳጥኑን በአንድ በኩል አንተ ነህ የምትይዘው። ና።»

መልስ ሳይመጣ ቅዳሜ ደረሰ። በሬሚ በኩል ሳጥኑን የያዘችው ጀርሜን ናት።